ጥያቄና መልስ፦ ኤቨረስት የወጣው የዓይን ሐኪም

ቅዳሜ ጠዋት የሐዋሳውን ታቦር ተራራ ስንወጣ ስለ ዶክተር ጄፍሪ ታቢን ጀምሬላችሁ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ሳልጨርሰው ወረድን። አሜሪካዊ ነው። ተራራ ወጪም የዓይን ቀዶ ሐኪምም ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቁት እዚሁ ሐዋሳ የዓይን ነርስ ነኝ። አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፦ ያልታዘዘላችሁን ጠብታ ዓይናችሁ ውስጥ አታድርጉ። አሁን ጠይቁ።

የታቦር ልጅ፦ ሲስተር፣ እውነት ጫፍ ደርሷል? ወይስ ግማሽ መንገድ?

ሲስተር፦ ጫፍ። በ1988 እ.ኤ.አ.። በ1983 የኤቨረስትን ምሥራቃዊ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣው ቡድን ጋር ነበር፤ ያኔ ግን እሱ ራሱ ጫፍ አልደረሰም። የሰባቱን አህጉራት ረጃጅም ተራሮች በመጨረስም በዓለም አራተኛው ሰው ነው። ከአፍሪካ የሚቆጠረው ኪሊማንጃሮ ስለሆነ ራስ ዳሸን እንዳትሉኝ።

ደጀን፦ ራስ ዳሸን ግን 4,620 ሜትር ነው፣ ቀላል አይደለም።

የታቦር ልጅ፦ እሱ የድሮ መጽሐፍ ነው። 4,533 ነው።

ደጀን፦ እኛ የተማርነው 4,620 ነው። ተራራ ያጥራል እንዴ?

የታቦር ልጅ፦ ተራራው አላጠረም ወንድሜ፣ አለካኩ ነው የተሻሻለው።

ሲስተር፦ እሱን ቅዳሜ ትጣሉበታላችሁ። ቀጣይ።

ሚሚ፦ ከተራራ ሌላ ስፖርትስ?

ሲስተር፦ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሲማር ቴኒስ ይጫወት ነበር። ቀጣይ።

እናትዬ፦ ከተራራ ወደ ዓይን ምን አመጣው?

ሲስተር፦ ጎሽ! ኔፓል ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ነው። በሰው እጅ ተመርተው የመጡ ሰዎችን የሆላንድ ሐኪሞች የዓይን ሞራ ሲያወጡላቸው አየ። በማግስቱ ራሳቸው እየተራመዱ ሄዱ። ልቡ እዚያው ቀረ። በኋላ ሳንዱክ ሩይት ከሚባል ኔፓላዊ ሐኪም ጋር ሂማላያን ካታራክት ፕሮጀክት የሚባለውን የዓይን ሞራ የሚያክም ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. መሠረቱ።

ደጀን፦ ሰንዱቅ? የሰው ስም ነው?

ሲስተር፦ ሳንዱክ! አትሳቅ፣ የታቢን መምህር እሱ ነው። ሞራ ዓይን ላይ የሚበቅል ቆዳ አይደለም። ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ስለዚህ በጠብታ አይሟሟም፣ በማርም አይጠረግም። ሀብታም አገር በማሽን ሰባብረው ይመጡታል። የእኛ ሰው ግን የሚመጣው ሞራው ጠጥሮ ቡና ከመሰለ በኋላ ነው። ማሽኑ ውድ ነው፣ መብራቱም ይሄዳል። ሩይት የተካነበት በእጅ የሚሠራው ነው። ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ጠባብ መተላለፊያ ይከፈታል፣ የደፈረሰው ሌንስ ይወጣል፣ የፕላስቲኩ ይገባል። ቀዳዳው በዓይኑ ግፊት ራሱን ይዘጋል። ስፌት የለም! የለመደ እጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን ጥናት ከሺህ ሰው 16ቱ ማየት የተሳናቸው ናቸው ይላል። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ በሞራ ነው። ለእኔ ኤቨረስት ያ ነው። አንድ ዘመቻ ላይ ፋሻቸውን የፈታሁላቸው እናት መጀመሪያ ያዩት ነጠላቸውን ነበር። ወደ ምራታቸው ዞረው፣ «ይሄንን ነው ነጭ ነው ስትዪኝ የከረምሽው?» አሏት። እውነትም አፈር መስሎ ነበር።

ሚሚ፦ ታቢን ኢትዮጵያ መጥቶ ያውቃል?

ሲስተር፦ ብዙ ጊዜ። ቀዶ ሠርቷል፣ አሠልጥኗልም።

ቢኒ፦ ሲስተር ዓይኔን ያመኛል፣ ምን ይሻለኛል?

ሲስተር፦ የቱን? ከመቼ ጀምሮ? ቀልቷል? እኔ በጽሑፍ ዓይን አላይም። ሄደህ ታይ።

ቢኒ፦ የጎረቤቴ ጠብታ ትንሽ አሻለኝ።

ሲስተር፦ ወይ ጉድ! ምን ብዬ ጀመርኩ? ጠብታው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ካለበት መቅላቱን ያጠፋልሃል። ውስጥ ውስጡን ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ጣለው።

እናትዬ፦ መነጽር ለመተው ዓይኔን ልሠራ ነበር። ተራራ ላይ ያስቸግራል?

ሲስተር፦ በ1996 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ላይ ቤክ ዌዘርስ የሚባል ሐኪም የገጠመው ይሄው ነው። በድሮው ዘዴ፣ በስለት ተሠርቶ ነበር። ከፍታው ላይ ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይኑ ፊት ላይ ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ቅርጹን ለወጠና እይታው ጠፋ። አንቺ ግን የምትወጪው ታቦርን ነው። ሐኪምሽን ጠይቂ።

ጃፒ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ሰውዬው ጫፍ ደርሷል?

ሲስተር፦ ከላይ አንብብ!

ጃፒ፦ ደመወዙስ?

ሲስተር፦ ሂድና ጠይቀው።

ደጀን፦ ሲስተር፣ ቅድም ለቀልዱ ይቅርታ። እናቴ አንዱ ዓይኗ ነጭ ሆኗል። እርጅና ነው ብለን ተውነው። ከሱቅ የገዛነውን ጠብታ ነው የምታደርገው።

ሲስተር፦ ነጩ ብሌኗ ላይ ነው?

ደጀን፦ መሃሉ ላይ፣ አዎ።

ሲስተር፦ ባትሪ ሲበራባት ታውቃለች?

ደጀን፦ ታውቃለች። ከየት በኩል እንደመጣም ትናገራለች።

ሲስተር፦ ሰኞ በጠዋት ይዘሃት ና። ጠብታውንም ከነብልቃጡ።