ዘፈኑን የጻፈው ማነው? ለሮክ ወጣቶች የተሰጠ ምክር

ሰላም ልጆች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጊታር አንግቼ ኖሬያለሁ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሴ እየሠራሁ፣ ራሴ እየዘፈንኩ። አልተርኔቲቭ ሮክ ነው የምጫወተው። እኛ ስንጀምር ስሙ እንኳ አልነበረም እያልኩ መጎረር ይቀናኛል። ውሸት ነው፣ ነበረ።

ወጣቶች ሲያገኙኝ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «እንዴት ነው መታወቅ የሚቻለው?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ «ባለፈው የጨረሳችሁትን ዘፈን ማን ጻፈው?» «ሁላችንም» ይላል አንዱ። «እኔ ነኛ» ይላል ዘፋኙ። ከበሮ መቺው ዝም ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ዝም ያለው ልጅ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የምንለማመደው አንድ መስኮት የሌለው ጋራዥ ውስጥ ነው። አንድ ማታ አዲስ ዘፈን ይዤ ገባሁ። ግጥሙ አልቋል፣ ዜማው አልቋል፣ ኮርዶቹ አራት ናቸው። ግን ዘፈኑ አልነሳ አለ። ሦስት ጊዜ ሞከርነው፣ ሦስቴም ሞተብን። የቤዝ ጊታር ተጫዋቻችን ግድግዳውን ተደግፎ በወፍራሙ ክር ላይ አምስት ኖታ ያላት አንዲት ነገር መነካካት ጀመረ። ለኛ ብሎ አይደለም፣ ሰልችቶት ነው። ከበሮ መቺው ቀና አለና ገባበት። እኔ የመጀመሪያውን አንጓ በላዩ ላይ ዘፈንኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዘፈን ነበረን።

በኋላ ኮንሰርት ላይ ሰው አብሮን የሚያዜመው ግጥሜን መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ያቺን አምስት ኖታ ነው።

አልበሙ ሲወጣ «ግጥምና ዜማ» በሚለው ቦታ ላይ የሰፈረው የኔ ስም ብቻ ነው። አስቤበት አይደለም። ቅጽ ሰጡኝ፣ ሞላሁ፣ ፈረምኩ። ማንም ምንም አላለም። ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ ደጋግሞ መሰማት ሲጀምር በየስድስት ወሩ ለኔ ገንዘብ ይመጣል፣ ለቤዝ ተጫዋቹ አይመጣም። ሦስተኛው ክፍያ ሲገባ ጠየቀኝ። እየቀለደ ነው የጠየቀኝ፤ እኔም እየቀለድኩ መለስኩለት። ነገሩን ያበላሸሁት እዚያ ላይ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት የሚስተው ነገር አለ። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፣ ማለትም ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው ቀረጻው ነው፣ ማስተር የሚባለው። ነገ ሌላ ዘፋኝ ዘፈናችሁን እንደገና ቀርጾ ቢያወጣው፣ ክፍያው የሚደርሰው በደራሲነት ለተመዘገበው ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ከበሮ የመታው ልጅ ከዚያ ሳንቲም አያገኝም። በማስተሩ በኩል የሚያገኘው ደግሞ በአብዛኛው ከአሳታሚው፣ ማለትም አልበሙን ከሚያወጣው ኩባንያ ጋር የተፈራረማችሁት ውል የሚለውን ያህል ነው።

የአሳታሚ ነገር ከተነሳ፣ ስትፈርሙ የሚሰጣችሁ ቅድሚያ ክፍያ ስጦታ አይደለም። ደሞዝን አስቀድሞ እንደ መብላት ነው። ተመልሶ የሚቀነሰው ደግሞ ከእናንተ ድርሻ ላይ ነው። እንበልና 100 ተሰጣችሁ፣ ድርሻችሁ 20 በመቶ ነው። አልበሙ 500 አስገብቶ እንኳ እናንተ ገና ዜሮ ላይ ናችሁ። በብዙ ውል ላይ የስቱዲዮው ወጪም እዚያው ላይ ይደመራል። የድርሰት ገቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። አልበሙ ዕዳ ላይ እያለ ቤት ኪራይ የሚከፍልላችሁ እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ባንድ ውስጥ አንዱ እየከፈለ ሌላው ሲበደር ካያችሁ፣ ምክንያቱን እዚያ ፈልጉት።

አር.ኢ.ኤም.ን ታውቋቸዋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ አቴንስ ከተማ የተጀመረ ባንድ ነው። ግጥሙን የሚጽፈው ዘፋኙ ማይክል ስታይፕ ሆኖ ሳለ፣ ዘፈኖቻቸው በአራቱም አባላት ስም ነበር የሚመዘገቡት። ቤሪ፣ በክ፣ ሚልስ፣ ስታይፕ። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ፣ ያለ ጭቅጭቅ። ከበሮ መቺው ቢል ቤሪ በ1997 ለቀቀ፣ ሦስቱ ቀጠሉ፣ በ2011 በሰላም ተሰነባበቱ። እኔ በዚህ አሠራር የምቀናበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ድርሻው እኩል ሲሆን ለአልበሙ ዘፈን የሚመረጠው ጥሩ ስለሆነ ነው። እኩል ካልሆነ ሁሉም የራሱን ዘፈን ለማስገባት ይታገላል፣ ደካማውም ይገባል።

ሁልጊዜ እኩል ይሁን እያልኩ አይደለም። ቤታችሁ ጨርሳችሁት የመጣችሁትን ዘፈን ሌሎቹ ከተጫወቱት ብቻ፣ ያንተ ነው፣ ያንቺ ነው። ችግሩ በግልጽ አለመነገሩ ነው።

ከሌላ ሰው ቀረጻ ላይ ድምፅ ቆርጣችሁ ስትወስዱ ደግሞ ቀድማችሁ ተስማሙ። ዘ ቨርቭ የሚባሉት እንግሊዛውያን በ1997 ባወጡት «ቢተርስዊት ሲምፎኒ» ላይ፣ ከአንድ የሮሊንግ ስቶንስ ዘፈን የኦርኬስትራ ቅጂ ቆርጠው ተጠቀሙ። ክርክር ተነሳ። ግጥሙን የጻፈው የዘ ቨርቭ ዘፋኝ ሪቻርድ አሽክሮፍት ቢሆንም የድርሰቱ መብት ወደ ሮሊንግ ስቶንሶቹ ጃገርና ሪቻርድስ ሄደ። የመለሱለት በ2019 ነው። ቁጠሩት፣ ሃያ ሁለት ዓመት።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ልምምድ ክፍሉ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ዘፈን ያለቀ ማታ፣ ዕቃ ሳይሰበሰብ፣ አንድ ገጽ እንሞላለን። ቀኑ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው፣ ማን ምን እንዳመጣ፣ ከስሩ ድምሩ 100 የሚሆን ቁጥር። ሁሉም ይፈርማል። በስልክ ፎቶ አንስተን ለሁሉም እንልካለን። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ያፍራሉም። ገንዘብ ገና ሳይኖር ስለ ገንዘብ ማውራት ይከብዳል። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ግን አይከብድም፣ አይቻልም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ።

ስለ ጆሮ በአጭሩ። የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዲሲቤል ነው። የሥራ ደህንነትን የሚያጠናው የአሜሪካ ተቋም በ85 ዲሲቤል ከ8 ሰዓት አትለፉ ብሎ ይመክራል፤ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራችኋል ማለት ነው። ልምምድ ክፍል ውስጥ 100 መድረስ ቀላል ነው። የኔ ከበሮ መቺ በግራዬ በኩል ነበር የሚቀመጠው። ዛሬ የግራ ጆሮዬ ሌሊት ሙሉ ያፏጫል። የጆሮ መሰኪያ ግዙ፣ በቃ።

ከቤዝ ተጫዋቹ ጋር ታረቃችሁ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ታረቅን። ምዝገባውን የሚያስለውጠውን ቅጽ ሞልቼ፣ ግማሽ በግማሽ ብዬ፣ ያለፈውንም ድርሻውን አስልቼ ቤቱ ሄድኩ። በሩን ከፈተ፣ አስገባኝ፣ መነጽሩን ፈልጎ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። ጎን ላይ ማብራሪያ ጽፌ ነበር፤ «መግቢያው ላይ ያለችው አምስት ኖታ የሱ ናት» የሚል። ብዕር አንስቶ «አምስት» የሚለውን ሰረዘው።

«ስድስት ናት» አለኝ። «መጨረሻ ላይ የምትንሸራተተዋን ረስተሃታል።»