ጥያቄና መልስ፦ ልጣጭ፣ አበባና ቅጠል ክር ላይ

ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ አሁን ድሬዳዋ ቤቴ ውስጥ በተክል ቀለም ክር እነክራለሁ። በየሰፈራችሁ ስም ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ አሉም (ያ ውሃ ለማጣራት የሚጨመረው ነጭ ጨው) ወይም የብረት ጨው የገባበት ድስት ወጥ አይሠራበትም።

ቀፊራ፦ ጋሼ፣ በቀይ ሥር ነጠላ ነክሬ ሁለቴ ሲታጠብ ለቀቀ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም። ቀለሙ ቤታኒን ነው፤ ሙቀትና ብርሃን ያፈርሱታል፣ ጥጥም አይይዘውም። ሰላጣ ላይ ይሁንልሽ።

ሳቢያን፦ የሽንኩርት ልጣጭስ?

መልስ፦ ይሄን ጠይቁኝ! ኩዌርሴቲን የሚባለው ቀለም ከምንበላው ክፍል ይልቅ በምንጥለው ደረቅ ልጣጭ ውስጥ በብዛት አለ። ችግሩ ጥጡ ነው። የበግ ፀጉርና ሐር ፕሮቲን ስለሆኑ አሉምን ቶሎ ይይዛሉ። ጥጥ ግን ሴሉሎስ ነው፤ መጀመሪያ ታኒን፣ ያ አፍ የሚያጨማድደው የተክል ንጥረ ነገር፣ ይፈልጋል። ታኒን ደግሞ የሮማን ልጣጭ ሞልቶታል። ለ100 ግራም ክር ጥሩ እፍኝ የሮማን ልጣጭ አንድ ሰዓት ቀቅላችሁ አጥልሉ፤ ክሩን አሳድሩበት። በማግስቱ 15 ግራም አሉም በሙቅ ውሃ አሟሙና ክሩን እንደገና አሳድሩበት። ከዚያ 100 ግራም የሽንኩርት ልጣጭ አፍልታችሁ ክሩን ክተቱ። አሉሚኒየሙ ክሩንና ቀለሙን ያያይዛል። ወርቃማ ቢጫ ይወጣል። ትንሽ የብረት ጨው ከጨመራችሁ ይጠቁራል፤ ከበዛ ግን ክሩን ይበላዋል። ድስቱ ለብቻው!

መጋላ፦ በአሉም ፋንታ የገበታ ጨው ባደርግስ? ኮምጣጤስ?

መልስ፦ ሁለቱም የአሉምን ሥራ አይሠሩም። ቀጣይ።

ገንደ ቆሬ፦ የሱፍ አበባ ቀይ ይሰጣል ይላሉ። እውነት ነው?

ጀጎል፦ ያ ትልቁ ቢጫ አበባ? አይመስለኝም።

ሳቢያን፦ አቦ፣ እሱ የፈረንጅ ሱፍ ነው! ፍትፍት የምንሠራበት እሾሃማው ሌላ ነው።

ጀጎል፦ ገበያ ላይ ሁለቱንም ሱፍ ነው የሚሉት።

መጋላ፦ የበግ ፀጉሩም ሱፍ አይደል እንዴ?

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። እሾሃማው ነው። ፍሬው ለዘይትና ለፍትፍት፣ የአበባው ቅጠል ለቀለም። ሁለት ቀለም አለው። ቢጫው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ውሃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡት። ቀዩ፣ ካርታሚን፣ የሚወጣው የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ነው። ከዚያ ሎሚ ጨምቁበት፤ ቀዩ ጥጥ ላይ ያለ አሉም ይቀመጣል። እሳት አታስጠጉት፣ ይበላሻል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው፤ ብርሃን ላይ ግን ደካማ ነው።

ጀጎል፦ ሂናስ ለነጠላ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ ጥጥ ላይ የሚይዘው ነገር የለም። የሂና ቀለም ሎሶን ይባላል፤ የሚይዘው ኬራቲንን ነው፣ ማለትም ቆዳ፣ ጥፍርና ፀጉርን። ሙሽራ እጅ ላይ ሰንብቶ ጥጥ ላይ የሚደክመው ለዚህ ነው። «ጥቁር ሂና» ከሚባለው ራቁ። ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ይገባበታል፤ ቆዳ ያቃጥላል። ልጅ እጅ ላይ በፍጹም!

ቀፊራ፦ ከርከዴ ስነክር የተረፈውን ውሃ መጠጣት ይቻላል? ቫይታሚን አለው ይባላል።

መልስ፦ አሉም በገባበት ድስት? አይጠጣም። ሻይሽን ለብቻው አፍዪ። ስለ ድስቱ ስንት ጊዜ ልናገር?

አዲስ ከተማ፦ የትኛው ተክል ይሻላል?

መልስ፦ ለምን? ለጥጥ? ለሐር? ክሩን ሳትነግሩኝ አልመልስም።

መጋላ፦ የገበታ ጨውስ ቢበዛ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል።

ሳቢያን፦ የነከርነውን የት እናድርቅ?

መልስ፦ ጥላ ላይ። የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። በእርድ የነከራችሁትን ደግሞ ደርቆም ቢሆን ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ቢጫው ይጠፋል።