ስብሰባው ላይ ተናገሪ ቢሉኝስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። መጠጥ ለማቆም ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። ለጥቂት ጊዜ እታገሳለሁ፣ ከዚያ አንድ የከፋኝ ማታ ይመጣና እንደገና እጀምራለሁ። አሁን በየቀኑ ነው የምጠጣው፤ ጠዋት ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል። ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስለ መጠጡ ሳነሳለት ከመጠጥ የሚያገግሙ ሰዎች የሚገናኙበት ስብሰባ ፈልጊ አለኝ። ስለ እጄ ግን አልነገርኩትም። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ? ተነሺና ተናገሪ ቢሉኝስ? ደግሞስ መጀመሪያ አቁሜ፣ ትንሽ ተረጋግቼ ብሄድ አይሻልም? እባካችሁ ስሜን አታውጡት።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ከበር የሚመልሰው እሱ ስለሆነ። አይሻልም። እንዳለሽ ሂጂ። በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ የተጀመረውና እንዲህ ያሉ ስብሰባዎችን የሚያደርገው ማኅበር፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ አባል ለመሆን የሚጠይቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ምዝገባ የለም፣ ክፍያም የለም። ለቤት ኪራይና ለመሳሰለው መዋጮ ይሰበሰባል፣ አዲስ ሰው ግን እንዲሰጥ አይጠበቅበትም። ትናንት የጠጣ ሰው ይገባል። የዚያኑ ቀን የጠጣም ቢሆን ካልረበሸ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ መናገሩን ለሌላ ቀን ያቆየዋል።

ግን የእጅሽ ነገር አሳስቦኛል። ሰውነትሽ አልኮሉን ለምዶ ሲያጣው የሚያሳየው ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲተወው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳትና ለሞት የሚያደርስ ሕመም የሚከተለው አለ። ስለዚህ ብቻሽን ቤት ዘግተሽ አታቁሚ። ሐኪሙ ጋ ተመለሺና በቀን ምን ያህል እንደምትጠጪ ሳትቀንሺ ንገሪው። ይህን ጊዜ በሰላም የሚያሳልፉ መድኃኒቶች አሉ። ስብሰባው ሕክምናውን አይተካም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዣቸው። እዚያ አንድ ሰው ሐኪም ያዘዘልሽን መድኃኒት ጣዪው ካለሽ ደግሞ አትስሚው፤ የኤኤ አቋምም የሕክምና ነገር ለሐኪም ይተው ነው።

የሚያውቅሽ ሰው ካየሽ እሱም ለዚያው ጉዳይ ነው የመጣው። በስብሰባው ሰው የሚጠራው በመጀመሪያ ስሙ ነው፤ ማን እንደመጣና ምን እንደተባለ ውጭ አይወራም። ይህ ግን የሰዎች ቃል ኪዳን እንጂ ሕግ አይደለም፣ ስለዚህ በሥራሽ ወይም በፍርድ ቤት ጉዳይ ሊጎዳሽ የሚችል ነገር በብዙ ሰው ፊት አታውሪ። ፍርሃቱ ካየለብሽ በኢንተርኔት የሚደረጉ ስብሰባዎች አሉ። ካሜራሽን አጥፍተሽ፣ ከሌላ አገር ሰዎች ጋር ሆነሽ መጀመር ትችያለሽ።

መናገር ግዴታ አይደለም። ተራው ሲደርስሽ «ዛሬ ማዳመጥ ነው የምፈልገው» በያቸው፣ ማንም አይጫንሽም። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ 1 ሰዓት ወይም 1 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ አያቋርጡትም፣ ምክርም አይሰነዝሩበትም። እኔ ትልቁን ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ለማንም ያልነገርሽውን፣ ጠርሙስ መደበቁን፣ ማታ ምን እንዳልሽ ጠዋት አለማስታወሱን፣ ሌላ ሰው ስለ ራሱ ሲናገረው ትሰሚያለሽ።

ለማግኘት የኤኤን ድረ ገጽ ወይም ሚቲንግ ጋይድ የሚባለውን መተግበሪያ ክፈቺ። «ክፍት» የተባለው ስብሰባ ማንንም ስለሚቀበል ጓደኛሽን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ፣ «ዝግ» የተባለው ችግሩ ላለበት ሰው ብቻ ነው። የሴቶች ብቻ የሆኑም አሉ፣ እኔ ብትጀምሪ የምመርጥልሽ እነዚህን ነው። አንዳንድ ቦታ አዲስ መጪን በስሜትና በፍቅር ጉዳይ ለማጥመድ የሚሞክር ሰው አይጠፋማ። እንዲህ ያለ ሰው ከገጠመሽ ቡድኑን ቀይሪ፣ መሄዱን ግን አታቁሚ። የኤኤ አባላት ለማገገም በሚከተሏቸው 12 ደረጃዎች ላይ የሚነሳው የአምላክ ነገር ካልተስማማሽ ደግሞ በ1994 የተቋቋመውና በሥነ ልቦና ዘዴ ላይ የቆመው ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሌላ የመረዳጃ ቡድን አለ።

በአንድ ስብሰባ ብቻ አትፍረጂ፣ ቡድን ከቡድን በጣም ይለያያል። ቢያንስ 5 ወይም 6 ጊዜ፣ የተለያየ ቦታ ሂጂ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን አይቶ፣ ሰዎችን ወደ ኤኤ በሥርዓት የሚያስገቡ ሕክምናዎች ሳያቋርጡ ከመጠጥ በመራቅ በኩል ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አግኝቷል።

ስብሰባው ሲያልቅ ቶሎ ሹልክ አትበይ። የ2 ወይም የ3 ሴቶች ስልክ ተቀበዪ። ያ የከፋሽ ማታ ሲመጣ፣ ሳትጠጪ በፊት ለአንዷ ደውዪ። እያደር ከመካከላቸው የምታምኛት፣ ቆየት ያለች ሴት ስፖንሰር፣ ማለትም በግል የምትደግፍሽና የምትመራሽ አባል፣ እንድትሆንሽ ትጠይቂያለሽ። ብትወድቂና ብትጠጪ እንኳ በሚቀጥለው ስብሰባ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ፤ ቀኑን እንደገና ከ1 ትቆጥሪያለሽ እንጂ የሚያባርርሽ የለም።