«መጋዘን ነው እንዴ?»

ጥያቄ፦ ባለፈው ነሐሴ ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ ደሴ መጥቼ ነበር። እናቴ ያደገችው ከአይጠየፍ ሥር ስለሆነ አዳራሹን ላሳያቸው ወሰድኳቸው። በሩ ዝግ፣ ጉሙ ደግሞ እስከ መሬት። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ በአጥሩ አጮልቆ አየና «መጋዘን ነው እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ለገና ስንመለስ ምን ልበለው?

የደሴ ልጅ ነኝ ባይ

መልስ፦ አብሽሩ፣ ልጁ አልተሳሳተም። የጎንደርን ግንብ በፎቶ ለለመደ ዓይን አይጠየፍ ባለቆርቆሮ ረጅም ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ውበት ሲፈልጉ ዘንድሮም እንዳያፍሩ፣ ወሬውን ከሆድ ይጀምሩለት።

ንጉሥ ሚካኤል ይህን ቤት ያሠሩት ግብር ሊያበሉበት ነው። ስሙም የወጣው ማንም የማይጠየፍበት ተብሎ ነው፤ ቡትቶ የለበሰም ገብቶ ይበላል። በግብር ደንብ መኳንንቱ በልቶ ሲነሣ ወታደሩ ይገባል፣ ነዳዩ ከሁሉ በኋላ ነው። (ይህችንም ይንገሩት፤ ሁሉ እኩል ነበር ብሎ ልጅ ማታለል አልወድም።) ልጁ አዳራሹን በእርምጃ ይለካና ስንት መሶብ እንደሚይዝ ራሱ ያስላ።

ባለግብሩ ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ቀድሞ መሐመድ አሊ የሚባሉ እስላም ነበሩ፤ በ1870 ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ። በግንቦት 1906 ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የወሎና የትግራይ ንጉሥ አደረጋቸው፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 በሰገሌ ጦርነት ተማረኩ። ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላቸው!

እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ ነው ያደግሁት። ጎረቤት ሰርግ ሲኖረው እናቴ ከወጥ ቤት ወጥ ቤት ትመላለስ ነበር፤ የእስላሙ ድስት ወዲህ፣ የክርስቲያኑ ወዲያ፣ ጭልፋው እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ ክር ታስራለች። ማንም ሳይበላ እንዳይሄድ የሚደረግ ጭንቀት ነው። አይጠየፍን ባየሁ ቁጥር ያቺ ክር ትመጣብኛለች።

የደሴ ሙዚየም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረ ነው፤ በ2014ቱ ጦርነት ስለተዘረፈ ብዙ አይጠብቁ። ፒያሳን በእግር ይለፉበት፣ ይበቃል።

በሩ መከፈቱን ቀድመው ያስጠይቁ። እናትዎም አብረው ይምጡ፤ ያደጉበትን ደጅ ከእርስዎ ይልቅ እሳቸው ቢያሳዩት ይሻላል።