ሁለት ዜሮ ሲጎራበቱ አንዱ ለምን ይተርፋል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው አንባቢ እንዲህ ይጠይቃል፦ «የዕቃዬን ዝርዝር ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሊስት (በተራ በተደረደረ ዝርዝር) ይዣለሁ። ያለቀውን ዕቃ በፎር ሉፕ (ዝርዝሩን አንድ በአንድ በሚዞር ትእዛዝ) እየፈለግኩ በሪሙቭ (በመሰረዣው ትእዛዝ) አጠፋለሁ። አንዳንዱ ይጠፋል፣ አንዳንዱ አልጠፋም ይላል። ስህተት አለ የሚል መልእክትም የለም። ኮምፒውተሬ ይሆን?»

አቦ፣ ኮምፒውተሩን ተወው፤ ምንም አላጠፋም። ዝርዝርህ ይሄ ነው፦ ካልሲ 12፣ ቀበቶ 0፣ ሻሽ 0፣ ቻርጀር 7፣ ጃንጥላ 0። ቀበቶና ጃንጥላ ሲጠፉ ሻሽ ተርፏል። ሻሽ የት እንዳለ ልብ በል፤ ከቀበቶ ቀጥሎ።

ሉፑ የሚቆጥረው ቦታ እንጂ ዕቃ አይደለም። ከ0 ይጀምራል። ቦታ 0 ካልሲ ነው፣ አለፈው። ቦታ 1 ቀበቶ ነው፣ አጠፋኸው። ይሄኔ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ሲወጣ እንደሚሆነው፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይጠጋሉ። ሻሽ ቦታ 1 ላይ ገባ። ሉፑ ግን 1ን ጨርሶ ወደ 2 ሄዷል፤ እዚያ የሚያገኘው ቻርጀርን ነው። ሻሽን ማንም ሳያየው ታለፈ። ጃንጥላ የተያዘው ከፊቱ ያለው ቻርጀር ስላልተሰረዘ ነው።

ስለዚህ እየዞርክበት ካለ ሊስት ላይ አትሰርዝ። ባዶ ሊስት ክፈትና ብዛቱ ከ0 የሚበልጠውን ብቻ በአፔንድ እዚያ ጨምር። ሊስት ኮምፕሪሄንሽን የሚባለውን አጭር አጻጻፍ ከለመድክ አንድ መስመር ይበቃሃል። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየቆጠሩ በኢንዴክስ (በቦታ ቁጥር) መሰረዝም ይሰራል። እኔ ግን አልወደውም፤ ቆይተህ ኮዱን ስታየው ለምን ከጭራው እንደጀመርክ ግራ ይገባሃል።

«የሊስቱን ኮፒ ልዙርበትና ከዋናው ልሰርዝ» ካልክ ደግሞ ተጠንቀቅ። በእኩል ይሆናል ምልክት አዲስ ስም መስጠት ኮፒ ማድረግ አይደለም፤ ያው አንድ ሊስት ሁለት ስም አወጣ። ኮፒ የሚለውን የሊስት ትእዛዝ (ሜተድ) ጥራ።

ስህተት ያላሳየህ ሊስት ስለሆነ ነው። ዲክሽነሪ (በቦታ ሳይሆን በቁልፍ የሚፈለግ ዝርዝር) ቢሆን ፓይተን ወዲያው ይጮህብህ ነበር። ባሽ በሚባለው ሌላ የትእዛዝ ቋንቋ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ በአንሴት ትእዛዝ ስታጠፋ የቀሩት አይጠጉም፣ ቦታው ክፍት ይቀራል። በቀሩት ብዛት ልክ ከ0 ከቆጠርክ የመጨረሻው ያመልጥሃል።

ኮዱን ስታስተካክል ያለቁ ሦስት ዕቃዎች ብቻ አከታትለህ አስገባና ሞክረው። በድሮው ኮድ መሃለኛው ይተርፋል፤ በአዲሱ ሊስቱ ባዶ መውጣት አለበት።