ከኤፍኤኤስዲ ጋር በትዳር መኖር፦ ጥያቄና መልስ

ኤፍኤኤስዲ በእርግዝና ወቅት የሚጠጣ አልኮል በፅንሱ አንጎልና አካል ላይ ለሚያስከትላቸው የዕድሜ ልክ ጉዳቶች የተሰጠ የጋራ መጠሪያ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ያቀረቡት ጉዳቱ ያለባቸው ሰዎችና የትዳር አጋሮቻቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ማታ የተስማማንበትን ጉዳይ ጠዋት ፈጽሞ እንዳልሰማ ይሆናል። ስለማይወደኝ ይሆን?

መልስ፦ ከዚህ ብቻ ተነሥተው እንደዚያ አይደምድሙ። በፅንስነታቸው የደረሰባቸው አልኮል ዕቅድ ማውጣትን፣ ስሜትን መግታትንና ማስታወስን የሚመሩትን የአንጎል ክፍሎች ስለሚጎዳ፣ አንድን ነገር ዛሬ መረዳትና ነገ ማስታወስ ለእርሳቸው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የጉዳቱ የፊት ገጽታ ምልክቶች የሚታዩት በጥቂቶች ላይ ብቻ በመሆኑና ብዙዎቹም ንግግራቸው የተስተካከለ በመሆኑ፣ የምንጠብቅባቸው ነገር ብዙ ጊዜ ከአቅማቸው በላይ ይሆናል። ስምምነታችሁን በአጭሩ ጽፋችሁ በሚታይ ቦታ አስቀምጡ፤ «ገባህ?» ብሎ ከመጠየቅም የተባባላችሁትን በራሳቸው አነጋገር እንዲነግሩዎት ያድርጉ፤ «አዎ» የሚለው መልስ ሳይገባቸውም በቀላሉ ይወጣልና።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ያልተደረገውን ተደረገ ትለኛለች። ውሸቱን እንዴት ልቻለው?

መልስ፦ ትውስታ በጎደለበት ቦታ አንጎል ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል፤ ተናጋሪዋም የምትለውን ከልቧ ታምነዋለች። ሆነ ተብሎ የሚነገር ውሸት ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በቁጣ ማፋጠጥ የሚያመጣው እውነቱን ሳይሆን ሌላ ግምት ነው። ሁለታችሁም ስትረጋጉ ጠይቋት።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ደመወዝ በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ ለጠየቀው ሁሉ ያበድራል። ገንዘቡን ልያዝበት?

መልስ፦ ያለ ፈቃዱ አይያዙበት። ኪራይና ቋሚ ክፍያዎች ደመወዝ በገባበት ቀን በቀጥታ እንዲቆረጡ፣ የእጅ ወጪውም በየሳምንቱ እንዲከፈል አብራችሁ ወስኑ።

ጥያቄ፦ ሳስታውሰው፣ ስቆጣው፣ ስከታተለው ውዬ ማታ ሚስት መሆን አልቻልኩም። እናቱ የሆንኩ ያህል ይሰማኛል።

መልስ፦ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ድካምዎም እውነተኛ ነው። የማስታወሱን ሥራ በተቻለ መጠን ከአንደበትዎ አውጥተው ለስልክ ደወልና ለግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ይስጡት፤ ከተቻለም የሐኪም ቀጠሮንና ደብዳቤዎችን የሚከታተል ሌላ የታመነ ሰው ይኑር። የቤት ሥራ ስትከፋፈሉ «እኩል» ከሚለው ይልቅ «ማን ይችለዋል?» ብላችሁ ተነሡ፤ ዕቅድ የሚያቅተው ሰው በእጅ ሥራ፣ በልጅ አጫዋችነት ወይም በቅን ልቡ ቤቱን ሊያቆም ይችላል፤ ያንንም በግልጽ ያመስግኑት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሌላውን ላለማሳዘን እሺ ማለት የለመደ ሰው በመኝታ ቤትም እሺ ሊል ስለሚችል፣ «አልፈልግም» ያለ ቀን ቅሬታ እንደማይከተለው በተግባር ይወቅ።

ጥያቄ፦ ሲናደድ ዕቃ ይወረውራል፤ አንድ ቀንም መታኝ።

መልስ፦ ድካም፣ ጫጫታና የተደራረበ ጥያቄ ስሜቱን ከቁጥጥር ውጭ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ስለዚህ ጠቡ ከመጋሉ በፊት የምትለያዩበትን ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ዱላ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የጉዳቱን ምክንያት ማወቅዎ ከምት አያድንዎትም፤ መጀመሪያ ደኅንነትዎ ወደሚጠበቅበት ቦታ ይሂዱ፣ ስለ ትዳሩ ከዚያ በኋላ ያስቡበታል።

ጥያቄ፦ ጉዳቱ ያለብኝ እኔ ነኝ። ለእጮኛዬ መቼ ልንገረው? ልጃችንስ ይወርሰዋል?

መልስ፦ አብራችሁ መኖር ከመጀመራችሁ በፊት ይንገሩት፤ ከሕክምናው ስም በላይ የሚጠቅመው «ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲነገረኝ ይጠፋኛል» ዓይነት ግልጽ ነገር ነው። ኤፍኤኤስዲ በዘር የሚወረስ አይደለም። በእርግዝና ወቅት ጉዳት እንደማያስከትል የተረጋገጠ የአልኮል መጠን ስለሌለ፣ ለመፀነስ ካሰቡበት ጊዜ ጀምሮ ጨርሶ አይጠጡ፤ እጮኛዎም አብሮዎት ቢተው ለእርስዎ ይቀልዎታል።