«ሥነ ሥርዓት!» ሲባል ሰብሳቢው ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ፓርላማ አስተባብራለሁ። አባላቱ 80 ናቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው «ሥነ ሥርዓት!» እያለ ይነሣና የራሱን ክርክር ይቀጥላል። በቅርቡ ደግሞ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የቅዳሜ ሰዓት ድምፅ ስንሰጥ 20 ደገፉ፣ 17 ተቃወሙ፣ 6 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ግማሹ «ጸድቋል»፣ ግማሹ «ወድቋል» ይላል። ማን ነው ትክክል?
መምህር፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ መምህር፣ ከድምፁ እንጀምር። በአዳራሹ የነበሩት 43 ናቸው። ምልዓተ ጉባኤ «ከግማሽ በላይ» ከሆነ ከ80 አባላት 41 ያስፈልጋል (ብዙ ሰው 40 ይበቃል ብሎ እዚህ ላይ ይሳሳታል)፤ ስለዚህ ስብሰባው ሕጋዊ ነው። ውሳኔው ግን ደንባችሁ ላይ በጻፋችሁት አንድ ሐረግ ይወሰናል። «ድጋፍና ተቃውሞ ከሰጡት መካከል አብላጫው» የሚል ከሆነ 20 ከ17 ስለሚበልጥ ሐሳቡ ጸድቋል። «በስብሰባው ከተገኙት መካከል ከግማሽ በላይ» የሚል ከሆነ ግን 22 ያስፈልግ ነበርና ወድቋል፤ በዚህኛው ስሌት ድምፀ ተአቅቦ እንደ ተቃውሞ ይሠራል ማለት ነው። ደንቡ ዝም ካለ ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ስለዚህ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ሐረጉን ጽፋችሁ አጽድቁት። ሌላው የሚረሳ ነገር፣ ጠዋት የተቆጠረው ሰው ከሻይ እረፍት በኋላ ላይኖር ይችላል። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እንደገና ቁጠሩ።

ወደ «ሥነ ሥርዓት!» እንምጣ። ይህ ጥያቄ ተናጋሪን ማቋረጥ የሚችለው ስብሰባው ራሱ ከደንብ ሲወጣ ብቻ ነው፦ ተናጋሪው ከአጀንዳው ሲርቅ፣ ሰዓቱን ሲያልፍ፣ ሰው ሲሳደብ፣ ወይም ምልዓተ ጉባኤው ሲጎድል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደንብ በአንቀጽ 71 የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ያነሣ ሰው በሚመከርበት ጉዳይ ፍሬ ነገር ላይ እንዳይናገር ይከለክላል። የእናንተም መድኃኒት ይኸው ነው። ሰብሳቢው ተናጋሪውን ለጊዜው ያስቀምጥና የተነሣውን ተማሪ «የትኛው ደንብ ተጣሰ?» ብሎ ይጠይቀው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ከመለሰ ሰብሳቢው እዚያው ይወስናል፤ «እኔ የማስበው...» ብሎ ከጀመረ ድምፅ ማጉያው ይዘጋና የተቋረጠው ተናጋሪ የቀረውን ደቂቃ ይዞ ይቀጥላል። ደቂቃውን መመለስ አይዘንጋ፤ ካልተመለሰ ማቋረጥ ራሱ ተቃዋሚን ማዳከሚያ ዘዴ ይሆናል። ሦስት ጊዜ በጽናት ከተደረገ ልማዱ ይጠፋል። ከልምድ እንደሚታየው የሚበላሸው ሰብሳቢው ለጓደኛው ሲያልፍለት ነው።

ሰዓትም በቁጥር ይሁን። 43 ሰው እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢናገር 129 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። 10 ተናጋሪ በ3 ደቂቃ ግን 30 ደቂቃ ነው። ደጋፊና ተቃዋሚ በሁለት ዝርዝር ይመዝገቡና ተራ በተራ ይናገሩ፤ ያልተናገረ ሰው ከተናገረው ይቅደም። የመጨረሻውን ቃል ሐሳቡን ላቀረበው ስጡት።

በማሻሻያ ሐሳብ ላይ ሰው ሁሉ የሚደናገር ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ዋናው ሐሳብ «ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ እስከ 8 ሰዓት ይከፈት» ነው እንበል። አንዷ «እስከ 6 ሰዓት»፣ ሌላው «እስከ 11 ሰዓት» ይሁን አሉ። አስቀድሞ በዋናው ላይ እጅ ማስወጣት ስሕተት ነው፤ ማሻሻያው ይቀድማል። ከማሻሻያዎቹ መካከል ደግሞ ከዋናው ይበልጥ የራቀው ይቀድማል (ጠቅላላ ጉባኤውም በአንቀጽ 90 የሚከተለው ይህንኑ ነው)። 11 ሰዓት ከ8 በሦስት ሰዓት ይርቃል፣ 6 ሰዓት በሁለት። ስለዚህ በመጀመሪያ 11 ሰዓት ለድምፅ ይቀርባል። ካለፈ 6 ሰዓት አይቀርብም፤ ከወደቀ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ብዙዎች የሚዘሉት እርምጃ ይመጣል፦ የተሻሻለው ሐሳብ በሙሉ እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል። «እስከ 11 ሰዓት» የሚለው ማለፉ ቅዳሜ ይከፈት ማለት አይደለም፤ ጨርሶ መከፈቱን የሚቃወሙት ዕድላቸው ገና አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡም ሁለቱን ድምፅ ለየብቻ ይመዝግብ።

ጥያቄ፦ የምክር ቤት አባል በስብሰባ ላይ በተናገረው ይከሰሳል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ከሆነ አይከሰስም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 5 በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ በሚሰጠው ድምፅም ሆነ አስተያየት እንደማይከሰስ፣ አስተዳደራዊ እርምጃም እንደማይወሰድበት ይደነግጋል። ከለላው የስብሰባው ነው፤ ያንኑ ቃል ሐይቅ ዳር ቡና እየጠጣ ቢደግመው ይህ ንዑስ አንቀጽ አብሮት አይወጣም። ከለላ ቢኖርም አፈ ጉባኤው ከአጀንዳ የወጣውን ተናጋሪ ከማስቆም አያግደውም። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ፌዴራሉ ምክር ቤት ስለሆነ፣ የክልል ምክር ቤት አባል ጉዳይ ከሆነ የክልሉን ሕገ መንግሥት ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሴኔት አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ይናገራል የሚባለው እውነት ነው? ማንም አያስቆመውም?
ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስትሮም ተርመንድ 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ በ2025 ደግሞ ኮሪ ቡከር 25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተናግረዋል። የተናጋሪው ሰዓት በደንብ አልተገደበም። በረቂቅ ሕግ ላይ ክርክሩ እንዲዘጋ ከ100 መቀመጫ የ60 ሴናተሮች ድምፅ ያስፈልጋል፤ እስከ 1975 ድረስ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ነበር። በእንግሊዝ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት (ሃውስ ኦፍ ኮመንስ) ግን ክርክሩ ይዘጋ ለሚለው ሐሳብ ቢያንስ 100 አባላት ከደገፉትና አብላጫውን ካገኘ ያልፋል።